ፍሊት ከመግዛታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ

አማርኛ ለጥቃቅን በራሪዎች አንድ ሰፊ ስም አለው፦ ትንኝ። የበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበውም ትንኝ ናት፣ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የምትለጠፈውም ትንኝ፣ ሐይቅ ዳር አምፖል የምትከብበውም ትንኝ። ወባ የምታስተላልፈው ቢንቢ ሳትቀር በመንግሥት ማስታወቂያ ላይ «የወባ ትንኝ» ናት። ለዕለት ወሬ ይሄ ምንም ችግር የለውም። ገንዘብ ማውጣት ሲመጣ ግን ችግር አለው። እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ፍጥረታት ናቸው፤ የሚፈለፈሉበት ቦታ ይለያያል፤ አንዷን የሚያጠፋው ነገር ሌላዋን አይነካትም። አንዳንዶቹ ጭራሽ አይነክሱም። አንዷ ደግሞ ሰው ትገድላለች።

ደግነቱ ለመለየት የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኞቻችን ኪስ ውስጥ አለ። ስልክ።

መጀመሪያ ፎቶው

ስትበር አትከተሏት፤ አይሆንም። ግድግዳ ላይ ወይም መስታወት ላይ ስታርፍ ጠብቁ። ጠዋት ላይ ብዙዎቹ ፈዘዝ ስለሚሉ ይቀላል። ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ከመደቀን ትንሽ ራቅ ብሎ ዙም ማድረግ ይሻላል፤ ካሜራው በጣም ሲጠጋ ትኩረቱን ያጣል። ስልካችሁ ማክሮ የሚባለው ምርጫ ካለው ተጠቀሙበት። ፍላሽ ፊት ለፊት ሲበራ ሁሉንም ነጭ ያደርገዋል፤ የሌላ ስልክ ባትሪ ከጎን አብሩላት፣ ፀጉሯና ክንፏ ጥርት ብሎ ይወጣል። ከቻላችሁ አጠገቧ ማስመሪያ አድርጉ፤ ሁለት ሚሊ ሜትርና ስድስት ሚሊ ሜትር በፎቶ ላይ አንድ ይመስላሉ።

ከዚያ አራት ጥያቄ ጠይቁ። የት አገኘኋት? ስታርፍ ክንፏን እንዴት ታስቀምጣለች? ፀጉራም ናት ወይስ ልሙጥ? ትነክሳለች? ከነከሰችስ ቀን ነው ማታ? አራቱ መልሶች አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳሉ። አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ላይ ፎቶውን ከቦታው ጋር ብትጭኑም ሌሎች ሰዎች አይተው ስም ይሰጧችኋል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ በስልክ ፎቶ የነፍሳቱን ቤተሰብ ማወቅ ይቻላል፣ ትክክለኛውን ዝርያ ለመለየት ግን ብዙ ጊዜ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ለእኛ ቤተሰቡ ይበቃናል።

የመታጠቢያ ቤቷ እንግዳ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሁሉ ያውቃታል። ከሁለት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ግራጫ ወይም ጥቁር፣ ክንፏ ሰፋ ያለና በፀጉር የተሸፈነ፣ ስታርፍ የተገለበጠ ልብ የምትመስል። በጥፊ ስትመቷት አመድ የመሰለ ነገር ግድግዳው ላይ ትታ ታልፋለች። በረራዋ ደካማ ነው፤ ትንሽ ብን ትልና መልሳ ትለጠፋለች። ክንፏ ዳር ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ካያችሁ በዓለም ዙሪያ በከተማ መታጠቢያ ቤቶች በብዛት የምትገኘው ክሎግሚያ አልቢፑንክታታ ሳትሆን አትቀርም። የስሟ ሁለተኛ ክፍል ራሱ «ነጭ ነጠብጣብ ያላት» ማለት ነው።

ትንሽዬ የእሳት ራት ትመስላለች፣ ግን የእሳት ራት አይደለችም፤ የዝንብ ወገን ናት። ሁለት ክንፍ ብቻ ነው ያላት፣ የእሳት ራት አራት አለው። አትነክስም፣ ደም አትመጥም። ከቆሻሻ ስለምትወጣ ግን ባክቴሪያ በእግሯና በፀጉሯ ልትይዝ ትችላለች፤ ሆስፒታልና ምግብ ቤት ውስጥ ስትበዛ ነገሩ ቀላል የማይሆነው ለዚህ ነው።

የምትመጣው ከመስኮት ይመስለናል። ብዙውን ጊዜ ግን የምትወጣው ከእግራችን ሥር ነው። በወለሉ ፍሳሽ ቀዳዳና በሲንኩ ሲፎን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ከሳሙና፣ ከፀጉር፣ ከቅባትና ከባክቴሪያ የተሠራ የሚያዳልጥ ዝልግልግ ነገር ይጋገራል። እጮቿ የሚያድጉት እዚያ ውስጥ ነው፤ የሚበሉትም እሱኑ ነው። አንዲት ሴት ከ30 እስከ 100 እንቁላል ትጥላለች። እንደ ሙቀቱ ሁኔታ በአንድ ሳምንትና በሦስት ሳምንት መካከል እንቁላሉ በራሪ ዝንብ ይሆናል። በራሪዋ ዕድሜዋ ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ላይ አንድ የቆየ ትምህርት ትዝ ይለዋል፦ ክምችት ሌላ፣ ፍሰት ሌላ። ግድግዳው ላይ የምናያቸው ዝንቦች ክምችት ናቸው። ሲፎኑ ውስጥ ያለው ፋብሪካ ፍሰት ነው። ፍሊት ስንነፋ ክምችቱን ዜሮ እናደርጋለን። ቤቱ ለሁለት ቀን ጸጥ ይላል፣ «ሠራ!» እንላለን። ፋብሪካው ግን አልተዘጋም። በሳምንቱ ግድግዳው እንደገና ይሞላል፣ እኛም ሌላ ጣሳ እንገዛለን። አርባ ዝንብ ገድለን አንዲት እንቁላል ያዘለች ሴት ብታመልጠን እንኳ አርባውን ለመተካት እሷ ብቻ ትበቃለች። የጣሳው ዋጋ ምንም ይሁን ምን በየወሩ የሚደጋገም ወጪ ነው፤ ብሩሽ ግን አንዴ ነው የሚገዛው።

ፋብሪካው የቱ ቀዳዳ ውስጥ እንዳለ ለማወቅ ደግሞ የሚያጣብቅ ፕላስተር ይበቃል። ማታ፣ ሁሉም ታጥቦ ከጨረሰ በኋላ፣ የቀዳዳውን አፍ በጨርቅ አድርቁና ግልጽ ፕላስተር የሚያጣብቀውን ጎን ወደ ታች አድርጋችሁ ለጥፉበት። ሙሉ በሙሉ አትድፈኑት፤ አየር እንዲያልፍ ትንሽ ክፍተት ተዉ። ሦስት አራት ሌሊት ሞክሩት። ዝንቦቹ ተጣብቀው የተገኙበት ቀዳዳ እሱ ነው። ሁሉም ቀዳዳ ንጹሕ ሆኖ ዝንቡ ከቀጠለ የተሰነጠቀ ቧንቧ ወይም ከሴራሚክ ሥር የተጠራቀመ ውኃ መኖሩን ጠርጥሩ። ያኔ ቧንቧ ሠራተኛ መጥራት የገንዘብ ብክነት አይደለም።

ምንጩን ካገኛችሁ በኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ረጅም እጀታ ባለው ጠንካራ ብሩሽ የውስጡን ግድግዳ ፈግፍጉ። ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ከዚያ ሙቅ ውኃ ድፉበት፤ የፕላስቲክ ቧንቧ ስለሚለሰልስ ግን የሚንተከተክ አይሁን። በረኪና ብቻውን ማፍሰስ ብዙም አይረዳም፤ በዝልግልጉ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል፣ እጮቹ ውስጥ ተቀብረው ይተርፋሉ። በረኪናን ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ደባልቃችሁ እንዳትጨምሩ ደግሞ አደራ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፣ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል።

ከጸዳ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል አንዳንድ ዝንብ ታያላችሁ። ተስፋ አትቁረጡ፤ ዕድሜያቸውን እየጨረሱ ያሉ የድሮዎቹ ናቸው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ወይም ማንም በማይጠቀምበት የእንግዳ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲፎኑ እንዳይደርቅ በሳምንት አንዴ አንድ ጆግ ውኃ ጨምሩበት። በሲፎኑ ውስጥ የሚቆመው ውኃ ከታች ለሚመጣ ሽታም ሆነ ነፍሳት በር ነው።

ሐይቅ ዳር የሚጨፍሩት

ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱ፣ ባሕር ዳር ወይም አርባ ምንጭ ሐይቅ ዳር ምሽት ላይ ተቀምጦ ለስላሳው ውስጥ ትንኝ ያልገባበት ሰው የለም። ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ ጭስ ዓምድ ሆነው ወደ ላይ ወደ ታች ይጨፍራሉ፣ መብራት ሲበራ ደግሞ አምፖሉን ይከቡታል። ብዙ ሰው ቢንቢ መስለውት ይሸሻል።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ካይሮኖሚድ የሚባሉ የማይነክሱ ትንኞች ናቸው። ከቢንቢ ጋር በቁመትም በቅጥነትም ይመሳሰላሉ፣ ግን ፎቶው ይለያቸዋል። ቢንቢ ከጭንቅላቷ ወደፊት የተሰካ እንደ መርፌ የረዘመ አፍ አላት፤ ካይሮኖሚድ የላትም። ካይሮኖሚድ ስታርፍ ብዙ ጊዜ የፊት እግሮቿን ታነሳለች፤ ቢንቢ የኋላ እግሮቿን ነው የምታነሳው። የወንዶቹ አንቴና ላባ ይመስላል። ወባ የምታስተላልፈው አኖፊሊስ ደግሞ ስታርፍ ቂጧን ወደ ላይ ሰቅላ ሰያፍ ትቆማለች፤ ይህን አቋቋም ካያችሁ አጎበር የት እንዳለ ማሰብ ይሻላል።

የካይሮኖሚድ እጮች በሐይቁ ወለል ጭቃ ውስጥ ይኖራሉ። የብዙዎቹ ቀለም ደማቅ ቀይ ነው፤ ምክንያቱም የእኛን ደም ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን እነሱም ውስጥ አለ። ኦክስጅን በቀነሰበት ጭቃ ውስጥ የሚያኖራቸው እሱ ነው። ለዚህም ነው የውኃ ተመራማሪዎች የወንዝ ወይም የሐይቅ ጤና ሲመረምሩ የእነዚህን እጮች ዓይነትና ብዛት የሚቆጥሩት፤ ሌላው ፍጥረት ጠፍቶ ቀዮቹ ብቻ ከቀሩ ውኃው ታሟል ማለት ነው። ለብዙ ዓሣዎችና ወፎች ደግሞ ዋና ቀለብ ናቸው። በቪክቶሪያና በማላዊ ሐይቆች ዳርቻ ከሐይቁ እንደ ደመና የሚነሱትን ትንኞች ሰዎች ራሳቸው ይዘው፣ ጨፍልቀው፣ እንደ ቂጣ ጋግረው ይበሏቸዋል።

የውኃ ሮቶ ሲታጠብ ታች ላይ ቀያይ ትል ተገኝቶ ቤተሰቡ ከተሸበረ ምናልባት እነዚሁ ናቸው። የሆድ ትል አይደሉም፣ ሰው ውስጥ አይኖሩም። የሚናገሩት ነገር ግን አለ፦ የሮቶው ክዳን ክፍት ነው፣ ታች ላይ ደለል ተጠራቅሟል። እጠቡና ክደኑት። በዚያው ክፍት ሮቶና በርሜል የሚጠቀሙ ሌሎችም አሉና። የዴንጊ ትኩሳት በ2013 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ የተከሰተው በውኃ ማጠራቀሚያ ዕቃዎች ውስጥ በምትራባ ቢንቢ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ የተገኘችው የእስያዋ የወባ ትንኝ፣ አኖፊሊስ ስቴፈንሲም የከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ትወዳለች።

አይነክሱም ማለት ግን ለሁሉም ሰው ምንም አያደርጉም ማለት አይደለም። በሱዳን በዓባይ ዳር «ኒሚቲ» የሚባሉ አረንጓዴ ካይሮኖሚዶች በሚበዙበት ወቅት የብናኛቸው አለርጂ ብዙ ሰዎችን በአስምና በአፍንጫ መቆጣት ያሰቃያል። አስም ያለበት ሰው ሐይቅ ዳር ሲያድር የበረንዳውን መብራት ማጥፋትና መስኮት መዝጋት ይጠቅመዋል። ትንኞቹ የሚመጡት ወደ ብርሃኑ ነው።

የሚነክሱት ጥቃቅኖች

ከካይሮኖሚድ በጣም የምታንስ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ ክንፏ ላይ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ያለባት፣ ስታርፍ ሁለቱን ክንፎቿን ጀርባዋ ላይ ደራርባ የምታስተኛ ትንኝ አለች፦ ኩሊኮይደስ። ረግረግ ጭቃና እበት የተቀላቀለበት እርጥብ መሬት ላይ ትፈለፈላለች፣ አመሻሽና ንጋት ላይ ትነክሳለች። ሰውን ታሳክካለች፤ ፈረስን ግን ትገድላለች። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ቫይረስ የምታስተላልፈው እሷ ናት። በሽታው በኢትዮጵያ ያለ ሲሆን የሚይዛቸው ፈረሶች አብዛኞቹ ይሞታሉ። ጋሪ ፈረስ ለአንድ ቤተሰብ መኪናም ደመወዝም ነው። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ከክትባቱ ጋር ፈረሱን አመሻሽ ላይ ከረግረግ አርቆ በጋጣ ማሳደር ንክሻውን ይቀንሳል። የዚሁ ቤተሰብ ሌሎች አባላት ግን የካካዎን አበባ የሚያዳቅሉ ናቸው። ቸኮሌት ካለ ትንኝ አለ።

ፈጥኖ በሚፈስ ወንዝ ዳር ደግሞ ሌላ አለች። ጥቁር፣ ድንቡሽ ያለች፣ ጀርባዋ የጎበጠ፣ በቀን የምትነክስ። እጮቿ የሚኖሩት አረፋ በሚያወጣ ወራጅ ውኃ ውስጥ ድንጋይና ቅጠል ላይ ተጣብቀው ነው፤ በቆመ ኩሬ አታገኟቸውም። ኦንኮሰርኪያሲስ የሚባለውን፣ ቆዳ የሚያሳክክና ዓይን የሚያሳውር በሽታ የምታስተላልፈው ጥቁር ዝንብ ይህች ናት። በጅማና በካፋ በኩል በየጊዜው ለነዋሪው የሚታደለው የአይቨርሜክቲን ኪኒን የእሷን ሥራ ለማክሸፍ ነው።

የአጎት ልጅዋ

አሁን ወደ መታጠቢያ ቤቷ ዝንብ እንመለስ፤ አንድ ያልተናገርነው ነገር አለ። የዘር ሐረጓ ሳይኮዲዴ ይባላል። በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ደም የምትመጥ የአጎት ልጅ አለቻት፦ የአሸዋ ዝንብ። ስሟ ያሳስታል፤ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ አይደለም የምትኖረው። ሁለቱም ጥቃቅን፣ ሁለቱም ፀጉራም ናቸው። ፎቶው ላይ የሚለያቸው የክንፍ አቀማመጥ ነው። የመታጠቢያ ቤቷ ክንፏን እንደ ጣሪያ ወይም እንደ ልብ ታነጥፋለች። የአሸዋ ዝንብ ግን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ፣ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ታቆማለች። አካሏ ቀጭን፣ እግሯ ረጅም፣ ቀለሟ ወደ ገለባ የሚያደላ፣ ቁመቷም ከሦስት ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ነው። አትጮኽም፤ እንደ ቢንቢ «ዝዝዝ» አትልም። ማታ በጸጥታ ትነክሳለች፣ በአጭር አጭሩ እየዘለለች ትሄዳለች።

ፋብሪካዋም ሲፎን አይደለም፤ ውኃ ውስጥ አትፈለፈልም። እጮቿ በመሬት ስንጥቅ፣ በኩይሳ፣ በእንስሳት ጉድጓድ፣ እርጥበትና ብስባሽ ባለበት አፈር ውስጥ ያድጋሉ። በሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ መተማና ሁመራ በኩል፣ ግራር የበቀለበት በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ መሬት ይመቻታል። በደቡብ ደግሞ ከኩይሳ ጋር ትያያዛለች። በደጋው፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደልና ዋሻ አካባቢ ያሉት ዘመዶቿ ፊት ላይ ቶሎ የማይድን ቁስል የሚያወጣውን ቁንጭር ያስተላልፋሉ። የቆላዎቹ የሚያስተላልፉት ካላ አዛርን ነው። ካላ አዛር ጉበትና ጣፊያ ውስጥ የሚገባ ተውሳክ ሲሆን፣ ካልታከመ የሚይዘውን ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይገድላል።

ነገሩን ስም ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በሊቦ ከምከም የሆነው ነው። ሰዎች ለረጅም ጊዜ እየተኩሳቸው፣ እየከሱ፣ ሆዳቸው እየተነፋ ይሞቱ ነበር። አገሩ ወባ ያለበት ስለሆነ ወባ ነው ተባለ፣ የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ አልሠራም። በ2005 እ.ኤ.አ. በምርመራ ሲረጋገጥ ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት በሽታው በዚያ ደጋ ይታወቅ አልነበረም፤ ወደ ቆላ እርሻ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀሩ ተገምቷል። በኋላ በአካባቢው የተደረገ ጥናት ማታ ውጭ ማደርና ግራር ሥር መተኛት ለበሽታው እንደሚያጋልጥ አሳይቷል።

ዛሬም በየዓመቱ ብዙ ወጣት ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ይወርዳል። ከመካከላችሁ የሚሄድ ካለ፣ ወይም ወንድምና ጓደኛ ካላችሁ፣ ይህችን መልእክት በቴሌግራም ላኩለት፦ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ያዝ። ያልተነከረው ብዙም አይጠቅምም፤ የአሸዋ ዝንብ ትንሽ ስለሆነች በቀዳዳው ትሾልካለች። ግራር ሥርና የተሰነጠቀ ዋልካ ላይ አትተኛ። ከተመለስክ በኋላ፣ ወራት አልፈውም ቢሆን፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ መክሳትና የግራ ጎን ማበጥ ካየህ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ፣ በጊዜ ከተደረሰበትም ይታከማል።

ሐኪሙ ሳይጠይቅህም የት እንደነበርክ ንገረው። ግድግዳው ላይ ላለችው ዝንብ የጠየቅነው የመጀመሪያ ጥያቄ «የት?» ነበር። ለታመመ ሰውም መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።